ራሱን የቻለ መስመር ምንድን ነው? ፕላነርና አቧራ መሳቢያ ለሚያስገባ ሰው

ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ እንጨት ቤት የከፈተ ሰው ፕላነር፣ ማለትም ጣውላ የሚልግ ማሽን፣ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ዋጋው ነው። ቀጥሎ የቢላው ስፋት። ቀጥሎ የሚያስገባው የጣውላ ውፍረት። የት እንደሚሰካ የሚታሰበው ማሽኑ ከጭነት መኪና ወርዶ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ያኔም ብዙው ሰው ግድግዳው ላይ ያገኘው ሶኬት ላይ ይሰካዋል። አቧራ መሳቢያው ሲመጣ ማከፋፈያ ይጨመራል። ሁለቱም በአንድ ሶኬት ይሠራሉ። ከዚያ ወይ ብሬከሩ እየደጋገመ ይወርዳል፣ ወይ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ወይ የማከፋፈያው ፕላስቲክ መሽተት ይጀምራል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ራሱን የቻለ መስመር ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ አንድ ማሽን ጋ ብቻ የሚደርስ፣ መንገድ ላይ ለማንም የማያካፍል፣ የራሱ ብሬከር ያለው ሽቦ ማለት ነው። ውስጡ ሦስት ገመድ አለ፦ መብራቱን የሚያመጣው ፌዝ፣ የሚመልሰው ኒውትራልና የሾለከውን ወደ መሬት የሚወስደው ኧርዝ። አምፖል አይቀጠልበትም። ቻርጀር አይሰካበትም። የቡና ማፍያ ስቶቭማ ጭራሽ! ለፕላነሩ አንድ፣ ለአቧራ መሳቢያው ሌላ አንድ መስመር ይዘረጋል።

ሁለት መስመር ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሒሳቡን ይይ። ቤታችን የሚገባው መብራት በስሙ 220 ቮልት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፕላነር ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,000 ዋት ይወስዳል። 2,000ን ለ220 ብናካፍል 9 አምፒር ገደማ ይመጣል። አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው አቧራ መሳቢያ ደግሞ 7 አምፒር ገደማ ይጠጣል። ድምሩ 16። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት አቅምም 16 ነው። ያውም ይሄ ሁለቱ ተረጋግተው ሲሠሩ ነው። የአቧራ መሳቢያው ሞተር ከቆመበት ሲነሳ፣ ለአፍታ ያህል፣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ጣውላ እየበላ ካለ ፕላነር ጋር በአንድ መስመር ላይ ሲነሳ ብሬከሩ ቢወርድ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ የሚሠራው አደገኛ ነገር የታወቀ ነው። 16ቱ ወርዶ አስቸገረ፣ ስለዚህ በ32 ይቀየር። ብሬከር ግን የተቀመጠው ማሽኑን ለመጠበቅ አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ከተቀየረ በኋላ የሚያስጠነቅቅ ነገር አይኖርም። ሽቦው በፕላስተሩ ውስጥ ዝም ብሎ ይግላል። እንጨት ቤት ውስጥ፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ ባለበት።

ሊቀየር የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ በፊት የተጻፈችውን ፊደል እዩ። ቢ የተባለው ዓይነት ከተጻፈበት አምፒር ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ድንገት ሲያልፍበት ወዲያው ይወርዳል። ሲ የተባለው ከአምስት እስከ አስር እጥፍ ድረስ ይታገሣል። ሞተር ላለው መስመር የሚሆነው ሲ ነው። የአምፒሩ ቁጥር ያው ሆኖ፣ ሲነሳ ለምትመጣው አፍታ ብቻ ትዕግሥት አለው። ዕቃ ስትገዙ "ሲ 16" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ የቮልቴጅ መውረድ። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን በውኃ ያውቀዋል፤ ታች ያለው ጎረቤት ቧንቧውን ሲከፍት የላዩ ሻወር ይቀጥናል። ኤሌክትሪክም ረጅምና ቀጭን ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ እንደዚያው ይደክማል። የሽቦው ውፍረት 0.75 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር)፣ ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ የገበያ ማከፋፈያ እንውሰድ። መብራቱ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 60 ሜትር ነው። በዚያ ሽቦ ላይ 16 አምፒር ሲያልፍ 22 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ሶኬቱ ላይ 220 የነበረው ማሽኑ ጋ 198 ሆኖ ይደርሳል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ከሶኬቱ የሚወጣው ራሱ 220 ላይሞላ ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ብቻ ከ3,000 ዋት በላይ ነው። አከራይና ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት እያወቁ ጣውላ መላግ የሙያው አካል ሆኗል።

የጠፉት 22 ቮልቶች የት ሄዱ? ሙቀት ሆነዋል። 22ን በ16 ብታባዙ ከ350 ዋት በላይ ነው። ይህ ሙቀት በ30 ሜትር ላይ ከተበተነ ሽቦው ይሞቃል። ማከፋፈያው እንደተጠቀለለ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሁሉ ጥቅሉ መሀል ይታመቃል። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሽቦና ሽቦ ይገናኛል። ስለዚህ ግዴታ ሆኖ ማከፋፈያ ከተጠቀማችሁ እስከ ጫፉ ፍቱት። ጥሩው ግን አለመጠቀም ነው። በዚያው ርቀት ባለ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ብትዘረጉ የሚጠፋው 7 ቮልት እንኳ አይሞላም። በ4 ካሬ ወደ 4 ቮልት ይወርዳል። የዋጋው ልዩነት አንድ ሞተር ከሚያስጠቀልለው ያንሳል።

ሞተሩስ ምን ይሆናል? እንደ ዓይነቱ ነው። ትናንሾቹ ፕላነሮች ካርቦን ያለው፣ የሚጮህ ሞተር አላቸው። ቮልቴጅ ሲያንሳቸው ፍጥነታቸውም ጉልበታቸውም ይቀንሳል። አቧራ መሳቢያው ግን ብዙውን ጊዜ ካርቦን የሌለው ሞተር ነው። የእሱ ጉልበት ከቮልቴጁ በፍጥነት ይወርዳል። 220 የለመደው 180 ሲደርሰው ከጉልበቱ ሲሶው ይሄዳል። ጭነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ብዙ አምፒር እየሳበ ይታገላል፣ ይግላል፣ መጨረሻው ሞተር ጠቅላይ ቤት ነው። ሲነሳ "ሁምምም" ብሎ ካልዞረ ወዲያው አጥፉት። ወይ ቮልቴጁ አንሶታል ወይ ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ደክሟል፤ እያጉረመረመ በቆየ ቁጥር የሚቃጠለው ሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ ነው።

የሐዋሳ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሞተር አምራቾች ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት አቅም ግን በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ የተሰላ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል። ሰሌዳው ላይ ካለው ጥግ ድረስ ቀኑን ሙሉ ማሠራት የለባችሁም። ዋንዛ ስትልጉ በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ አታስበሉት፤ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ይሻላል።

አቧራ መሳቢያውን "ቆይ፣ በኋላ እገዛዋለሁ" የሚሉ አሉ። ፕላነር ያለሱ ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ፍቅፋቂው መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ሮለሩ ሥር ይገባል። ሮለሩ ጣውላው ላይ ይረግጠዋል። በጥሬው አይታይም። ቫርኒሽ ሲቀባ ግን የጠረጴዛው ፊት ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ጉድጓዶች ብቅ ይላሉ። ደንበኛ ያንን ሲያይ "ይሄ ምንድን ነው?" ማለቱ አይቀርም።

ከሥራው ጥራት የበለጠው ደግሞ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በ1995 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫና የአፍንጫ ዙሪያ ክፍተቶች ካንሰር። የሚጎዳው ከፕላነር የሚወረወረው ትልቁ ፍቅፋቂ አይደለም። በፀሐይ ጨረር ላይ ሲንሳፈፍ የምናየውና ከዚያም ያነሰው፣ የማናየው ነው። ርካሽ የጨርቅ ከረጢት ትልቁን ይይዝና ደቃቁን መልሶ ቤት ውስጥ ይነፋዋል። ከተቻለ አቧራ መሳቢያውን ከግድግዳው ውጭ፣ ከዝናብ ተከልሎ ማስቀመጥ ነው። ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ናት፤ በር ዘግቶ የሚያሠራ ብርድ የለም።

ቱቦው 100 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቤት ቫኪዩም ቀጭን ቱቦ የፈረንጅ ጥድ ፍቅፋቂ ሲገባበት ወዲያው ይደፈናል። ፍቅፋቂ ቱቦ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲሄድ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ መሮጥ አለበት። የሚተጣጠፈው ቱቦ ውስጡ ሸንተረር ስለሆነ ፍጥነቱን ይበላዋል። ስለዚህ አጭር ይሁን፣ ብዙ አይጠማዘዝ። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፦ አቧራ መሳቢያው ቱቦው ሲዘጋ የሚጨነቅ ይመስላል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ግን ያኔ የሚስበው መብራት ይቀንሳል፤ የሚገፋው አየር የለማ። ብዙ አምፒር የሚስበው ቱቦ ሳይገጠምለት አፉን ከፍቶ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ቱቦው መዝጊያ ካለው ዘግቶ ማስነሳትና ከዚያ መክፈት ለሞተሩም ለመስመሩም ይቀላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቧራ መሳቢያው ይነሳል፣ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ከዚያ ፕላነሩ። ሲጠፋ ተቃራኒው፤ ፕላነሩ ቀድሞ ይቆማል፣ መሳቢያው ቱቦው እስኪጸዳ ይቆያል። ከረጢቱን ማታ ባዶ አድርጋችሁ ውጡ። ጣውላ ውስጥ የቀረች ምስማር ቢላው ሲመታት ብልጭታ ታወጣለች፤ ያቺ ብልጭታ ከረጢት ውስጥ ገብታ ማንም በሌለበት ልትጨስ ትችላለች። ሰጋቱራው ለዶሮ ቤት ወይም ለሰጋቱራ ምድጃ ገዢ አያጣም። ቀለም ወይም ኤምዲኤፍ የተቀላቀለበትን ግን አትስጡ።

መስመሩ ሲዘረጋ ሁለት ነገር አትዝለሉ። አንደኛው ኧርዝ ነው። ገበያ ላይ ካሉት ማከፋፈያዎች አንዳንዶቹ የኧርዝ መያዣ ብረቷ ትታያለች፣ ውስጣቸው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ነቅላችሁ፣ ከፍታችሁ እዩ። የማሽኑ አካል ብረት ነው፤ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ ኧርዝ ከሌለ መንገዱ በእናንተ በኩል ይሆናል። ከኧርዙ ጋር 30 ሚሊ አምፒር ወደ መሬት ሲሾልክ የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ይግባ።

ሁለተኛው ለአገራችን የተሠራ ይመስላል። መብራት ሄደ እንበል። ጣውላው ፕላነሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ልጁ ማጥፊያውን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ በእጁ ሊያወጣው ይሞክራል። መብራት መጣ። ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ማሽን ቢላው በዚያች ቅጽበት ይነሳል። ይህን የሚከላከለው መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚለቅ፣ ሰው አረንጓዴውን ካልተጫነ የማይነሳ ማግኔቲክ ስዊች ነው። ማሽናችሁ ከሌለው ኤሌክትሪሺያኑ በኮንታክተር፣ ማለትም በማግኔት በሚሠራ ማብሪያ፣ ሊሠራላችሁ ይችላል። እኔ ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል ይህንን ነው የምገዛው። ስዊቹ ቢኖርም ቢላ ለመንካት ሶኬቱ መነቀል አለበት።

ትልልቆቹ ፕላነሮች በ380 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ የሚሠሩ ናቸው። ለእነሱ የቆጣሪ ለውጥ ማመልከት ይጠይቃል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሦስት ፌዝ ላይ ሁለት ሽቦ ቢገለባበጥ ሞተሩ ወደኋላ ይዞራል። ፕላነሩ ላይ ወዲያው ታውቁታላችሁ። አቧራ መሳቢያው ግን ያታልላል። ወደኋላ ቢዞርም መሳቡን አይተውም፣ ደክሞ ይስባል እንጂ። አዲስ ተገጥሞ "ይሄ ማሽን አይረባም" ከተባለ መጀመሪያ አካሉ ላይ ያለውን ቀስት ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር አስተያዩ።

ታቦርም ሆነ አላሙራ አካባቢ ብዙው እንጨት ቤት ኪራይ ነው። "በሰው ቤት ሽቦ ልቀብር?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። አትቅበሩ። ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ቱቦ ይሂድ፣ ጫፉ ላይ የራሱ ሶኬት ይኑረው። አከራዩን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ከቆጣሪው እስከ ብሬከር ሳጥኑ ያለው ዋናው ሽቦ ይህን ጭነት ይችል እንደሆነም ኤሌክትሪሺያኑ ያረጋግጥ። ቤቱን ስትለቁ ብሬከሩንም ሽቦውንም ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ።