አልፋ፣ ቤታ እና መስኮቱ፦ ቼዝ ፕሮግራም ስንጽፍ የምንሳሳተው

አልፋ-ቤታ ቼዝ ፕሮግራም ወደፊት የሚመጡትን እርምጃዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲፈትሽ፣ የማይጠቅሙትን ሳያይ የሚያልፍበት ዘዴ ነው። አልፋ ማለት ተራው የደረሰው ተጫዋች እስካሁን እጁ ያስገባው ነጥብ ነው። ቤታ ደግሞ ተጋጣሚው «ከዚህ በላይማ አልፈቅድልህም» የሚልበት ጣሪያ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት መስኮት ይባላል። ቀላል ይመስላል አይደል? በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ግን የምንሳሳትባቸው አባባሎች ናቸው።

«ቅርንጫፍ እየቆረጠ ስለሚጥል ጥሩ እርምጃ ያመልጠዋል»

አያመልጠውም። በዚያው ጥልቀት ሁሉንም ብትፈትሽ የምታገኘውን ያንኑ ነጥብ ይሰጥሃል። ትርፉ ግን ጉድ ነው። በየቦታው 30 እርምጃ ቢኖር፣ የነጩም የጥቁሩም ተቆጥሮ 6 እርምጃ ወደፊት ለማየት 729 ሚሊዮን የመጨረሻ አቋም መመዘን አለብህ፤ አልፋ-ቤታ ሁልጊዜ ምርጡን እርምጃ ቀድሞ ከሞከረ 53,999 ይበቃዋል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ክኑዝና ሙር እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳዩት ስሌት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ግን ትርፉም አብሮ ይሄዳል።

«የተመለሰው ቁጥር የእርምጃው ነጥብ ነው»

እኔን ያስለቀሰችኝ ይቺ ናት። አንድ ወታደር 100 ነጥብ ነው ብለን እንነሳ። የመጀመሪያው እርምጃ 40 አመጣ። የቀሩትን ሳሳትማቸው ግማሾቹ እነሱም 40! ደስ ብሎኝ «ሁሉም እኩል ናቸው» አልኩ፤ ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ ንግሥትን በነጻ የሚያስበላ ነው። ለካ ያ 40 «40 ወይም ከዚያ በታች» ማለት ነበር፤ ፕሮግራሙ እርምጃው ከያዝነው እንደማይሻል ካወቀ በኋላ ምን ያህል እንደሚብስ ለማጣራት አይደክምም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያሰላውን ውጤት በማህደረ ትውስታ ሰንጠረዥ ውስጥ ስታስቀምጥ፣ ቁጥሩ ልኩ ይሁን፣ «ቢያንስ» ይሁን ወይም «ቢበዛ» ይሁን አብረህ ጻፍ። እውነተኛውን ሁለተኛ ምርጥ እርምጃ ከፈለግክ አንደኛውን አውጥተህ እንደገና ፈልግ።

«መስኮቱ በጠበበ ቁጥር ይፈጥናል»

እስኪሳሳት ድረስ። ባለፈው ጥልቀት 30 ነጥብ ስላገኘህ መስኮቱን ከ5 እስከ 55 ከፈትክ እንበል። 55 ከመጣ የምታውቀው «ቢያንስ 55» የሚለውን ብቻ ነው፣ አስፍተህ እንደገና ትፈልጋለህ። በተጋጋለ አቋም ላይ ይሄ ሁለት ሦስቴ ከተደጋገመ ያተረፍከውን ጊዜ ይበላዋል።

«ከ40 እስከ 41 ያለ መስኮት ባዶ ነው፣ ምን ይረባል?»

ባዶነቱ ነው ጥቅሙ። የሚጠይቀው «ይሄ ከ40 ይበልጣል?» ብቻ ነው። አብዛኛው እርምጃ «አይ» ይላል፣ በርካሽ።

«አልፋ የነጭ፣ ቤታ የጥቁር ነው»

ብዙው ኮድ ላይ አይደለም። ተራ ሲቀየር ቦታም ምልክትም ይቀያየራሉ፦ (40፣ 70) ለተጋጣሚው (-70፣ -40) ይሆናል። አልፋን በ32 ቢት ትንሹ ቁጥር፣ በ-2,147,483,648 የጀመርክ ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ስትገለብጥ አይገባም፤ ትልቁ 2,147,483,647 ነው። በ-1,000,000 ጀምርና ተገላገል።