ተዝካርን ከሠርግ ለማይለዩ ወገኖቼ

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሻይ ቤት። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቪዲዮው ላይ ግማሽ ዕርቃናቸውን የሆኑ ፈረንጆች መኪና ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። «መምህር፣ የኤልጂቢቲ የታሪክ ወር የሚሉት ይኼ ነው አይደል?»

አይደለም! ዘንድሮ ብቻ ስንት ጊዜ «አይደለም» እንዳልኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው «ታሪክ» የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ይጠየቃል፤ ይሁን። ግን የምትቃወሙትን ነገር እንኳ ለይታችሁ እወቁት። ሕጉን አውቃለሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይከለክላል። እኔ የማወራው ውጭ አገር በዓመት አንድ ወር ስለሚደረገው፣ ኤልጂቢቲ የሚባሉትን ማለትም የግብረ ሰዶማውያንንና ፆታቸውን የለወጡ ሰዎችን ታሪክ ስለሚያወሳው ዝግጅት ነው። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«በዶላር የተፈጠረ ወር ነው» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የጀመረው አንድ የታሪክ መምህር ነው። ሮድኒ ዊልሰን ይባላል፤ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር ነበር፤ ዘመኑ 1994። ኦክቶበር የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ትምህርት ቤት ክፍት ስለሆነ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በፌብሩዋሪ ያስቡታል። እዚያም መንግሥት ደግሶ አልሰጣቸውም። ጭራሽ የአካባቢ አስተዳደሮች ግብረ ሰዶምን «እንዳያስተዋውቁ» የሚል ሕግ በ1988 ወጥቶባቸው ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ የተሻረው በ2003 ነው። ለማንኛውም፣ የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው የዶላሩን ወሬ ቢተወው ይሻለዋል።

«ይህን ታሪክ ያነበበ ይለወጣል።» ሃያ ዓመት ስለ ሙሶሊኒ አስተምሬያለሁ። አንድም ፋሺስት አልወጣኝም።

«የትናንት ፋሽን ነው።» ናዚዎች በርሊን አደባባይ መጽሐፍ ሲያቃጥሉ የሚያሳየውን የሜይ 1933 ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። እሳቱ ውስጥ ከገቡት መካከል የዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ ቤተ መጻሕፍት ይገኝበታል። ሰውየው በ1919 ተቋም ከፍቶ ስለ እነዚሁ ሰዎች ሲያጠና የኖረ ሐኪም ነው። ፎቶውን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሳሳይ፣ የሚቃጠለው የማን መጽሐፍ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጭፈራው። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ሰልፉና ሙዚቃው «ፕራይድ» ይባላል። በጁን የሚበዛው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ግብረ ሰዶማውያን የሚሰበሰቡበትን ስቶንዎል የሚባል መጠጥ ቤት ፖሊስ ወርሮ ሁከት የተነሳው ጁን 28 ቀን 1969 ስለሆነ ነው። የታሪክ ወር ሌላ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ተዝካርን ከሠርግ እንደ መቀላቀል ነው።

አንድ ጊዜ ለአጭር ሥልጠና እንግሊዝ አገር ሄጄ ነበር። ፌብሩዋሪ ነው፤ ብርዱ የጮቄን ያስንቃል። እንዲሞቀኝ ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ለታሪክ ወሩ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሻይና ብስኩት አለ። አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ መርከበኛ ናቸው፣ ፖላሪ ስለሚባል ንግግር ያስረዳሉ። እዚያ አገር የወንድ ለወንድ ግንኙነት እስከ 1967 ያሳስር ነበር። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ሌላው እንዳይገባው የራሳቸውን ቃላት ይጠቀሙ ነበር፤ በተለይ የቲያትርና የመርከብ ሰዎች። እኔ ቶሎ ነው የገባኝ። የኛ አዝማሪዎችስ ደጋሹ ፊት ቆመው ደጋሹ የማይሰማውን ያወሩ የለ? ጭፈራ ከነበረ፣ ብስኩት ላነሳ ስዞር አምልጦኛል።

ታሪካቸው ውስጥ ለቅሶም አለ፤ የብርድ ልብሱ ነገር። በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰልፈኞች በኤድስ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም ካርቶን ላይ ጽፈው የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ክሊቭ ጆንስ የሚባል ሰው ግድግዳውን ሲያየው፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ መሰለው። ከዚያ መስፋት ተጀመረ። እያንዳንዱ ጨርቅ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የመቃብር ልክ። የሟቹን ሸሚዝ፣ ጂንስ፣ ፎቶ ሰፉበት። ኦክቶበር 11 ቀን 1987 ዋሽንግተን ሣር ላይ ሲዘረጋ 1,920 ነበር። ዛሬ 50 ሺህ ገደማ ደርሷል፤ ክብደቱ 54 ቶን። ሲዘረጋ የሟቾች ስም እየተጠራ ይነበባል። ግብረ ሰዶማውያን ብቻም አይደሉም፤ በተበከለ ደም የታመሙ ሕፃናት አሉበት። በዚያን ጊዜ ብዙ አስከሬን ገናዦች «አንቀበልም» ይሉ ነበር። ቤተሰብም የሚክድ ነበር። ለቅሶ መቀመጫ ያጣ ሰው ነው ጨርቅ የሰፋው።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ነበረብኝ? ሰው ርቆ ሲሞትብን ልብሱን፣ ፎቶውን፣ ጠመንጃውን ይዘን አይደል ሙሾ የምናወርደው? አጎቴ በ1990ዎቹ በዚሁ በሽታ ነው የሞተው። ለቅሶው ላይ «ባደረበት ሕመም» ተባለ። አልቃሿ ስለ በሬዎቹና ስለ ጉብዝናው ገጠመች። ስለ በሽታው ማንም ትንፍሽ አላለም። ካፖርቱን ግን እናቴ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

እናም ቪዲዮ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ «የት ነው? መቼ ነው?» በሉ። ያለዚያ አታጋሩት። ሰው ደግሞ እየቀረጻችሁ አትወንጅሉ። የማውቀውን አንድ ወጣት ሹሩባ ስለተሠራ ብቻ ስም ለጥፈው ለቀቁበት። የለጠፈው ልጅ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአፄ ቴዎድሮስ ሥዕል ነው፤ ሹሩባቸው እስከነ ጉንጉኑ።

ቀስተ ደመናም የማንም የግል ንብረት አይደለም። የእነሱን ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ ጊልበርት ቤከር በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲሠራው ስምንት ቀለም ነበረው፤ በኋላ ስድስት ሆነ። የኖኅ ግን ከዚያ በፊት ነበር። ጢስ ዓባይ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚታየውስ? ጎረቤቴ እትዬ ግን ወሬውን ሰምተው የልጅ ልጃቸውን ባለ ቀስተ ደመና ጃንጥላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፤ ልጅቷ ፌስታል ደፍታ ትመላለሳለች።