«ትንሽ ጭረት ናት»፦ ስለ ሞተርሆም ግጭትና ስለ ኢንሹራንስ ካሳ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሥራዬ የሞተርሆም ጥገና ነው፤ አልጋና ማድቤት ያላቸውን መኪኖች ማለቴ ነው። አንዱ ተጋጭቶ ሲመጣ ከባለቤቱ አፍ መጀመሪያ የምሰማው ሁሌም ይኸው ነው፦ «ትንሽ ጭረት ናት፤ ለዚህማ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል?» ሰልችቶኛል።

የሞተርሆም ጎን እንደ አውቶሞቢል ወጥ ቆርቆሮ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ፣ ፎምና ኮምፔንሳቶ በማጣበቂያ ተደራርበው የተሠራ ነው። ጥግ ላይ ያለው መጋጠሚያ ከተነቃነቀ ማሸጊያው ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አንድ ደንበኛዬ የላይኛውን ጥግ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር አጋጨና ሲሊኮን ቀብቶ ዝም አለ። ከስምንት ወር በኋላ ሲያመጣው፣ በአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቴ ብጫነው ጣቴ ሰመጠ። ያኔ ካሳ ጠየቀ፤ «ቀስ በቀስ የደረሰ የውሃ ጉዳት ነው» ተብሎ ተመለሰ። ውሎቹ በአብዛኛው ድንገተኛ አደጋን እንጂ መበስበስን አይሸፍኑም፤ እሱም ግጭቱን በጊዜው አላሳወቀም፣ ፎቶም አላነሳም። በዚያው ሳምንት አምጥቶት ቢሆን መጋጠሚያውን ፈተን እናየው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልተወው ወይስ ልጠይቅ ከማለታችሁ በፊት ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። ድምፁ ከሌላው ቦታ የተለየ፣ ባዶ ባዶ የሚል ከሆነ የግድግዳው የላይኛው ንጣፍ ከውስጡ ለቋል። ከዚያ የጥገናውን ግምት በጽሑፍ አስወጡ።

«ካሳ ከጠየቅሁ አረቦኔ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በየጊዜው የምከፍለው፣ መጨመሩ አይቀርም።» እንደ ጥፋተኛውና እንደ ውሉ ነው። ለምሳሌ ጥገናው 1,200፣ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ተቀናሽ 1,000 ከሆነ የምታገኙት 200 ነው፤ ያለ ካሳ ጥያቄ በመቆየታችሁ የምታገኙት ቅናሽ ከዚያ ከበለጠ ራሳችሁ ክፈሉት። ጥገናው 6,000 ከሆነስ? ያኔ ጠይቁ።

«ማሳወቅ ማለት ካሳ መጠየቅ ነው።» አይደለም። አብዛኞቹ ውሎች ካሳ ባትፈልጉም አደጋውን በቶሎ እንድታሳውቁ ያስገድዳሉ።

«ከሌላው ሹፌር ጋር ተስማምተናል።» አንገቱን ማመም የጀመረው በማግስቱ ቢሆንስ? አሁንም አሳውቁ።

«ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተሸፍኗል።» ከመኪናው ጋር የተገጠመው ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል፤ ልብሳችሁና ላፕቶፓችሁ ግን ሌላ ሽፋን ሊፈልጉ ይችላሉ።

ኢንሹራንሱ የሚልከው የጉዳት ገማች እስኪያየው ድረስ ጉዳቱን ፎቶ አንሱ፣ ውሃ እንዳይገባ በላስቲክ ሸፍኑት፣ የላስቲኩንም ደረሰኝ ያዙ። ሲሊኮን ግን እባካችሁ አትቀቡ፤ ቅሪቱ ላይ አዲስ ማሸጊያ በደንብ አይጣበቅም።