ስለ ኒቫ የሚወራውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ድሮ የሩሲያዋን ትንሽ ጂፕ፣ ላዳ ኒቫን፣ የነዱ ሰዎች አንድ ላይ ከተቀመጡ ወሬው ማለቂያ የለውም። አንዱ «እንደሷ ያለ መኪና አልተሠራም» ይላል። ሌላው «ዕድሜዋን ጋራዥ ነው የጨረሰችው» ብሎ ይሟገታል። እኔ ኒቫ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት፤ አባቴ እስኪሸጣት ድረስ እንደ ቤተሰብ ነው የያዛት። ክርክሩን በሰማሁ ቁጥር የሚቆጨኝ፣ መኪናዋ ባልሠራችው ጥፋት ስትከሰስ፣ በሌላት ነገር ደግሞ ስትሞገስ ማየት ነው።

«ከፍ የተደረገች ታክሲ ላዳ ናት»

ቶግሊያቲ ያለው ፋብሪካ ላዳን የጀመረው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተነስቶ ነው። ወሬው የመጣው ከዚያ ነው። ኒቫን ግን የፋብሪካው መሐንዲሶች በፒዮትር ፕሩሶቭ መሪነት ለገጠር መንገድ ብለው ራሳቸው ነደፏት። ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። 1.6 ሊትሩ ሞተሯ ከላዳ 2106 ጋር አንድ ነው። የዚያ ዘመን ጂፖች አብዛኞቹ ሻንሲ (ከሥር ያለ የብረት መሠረት) ላይ የተጫኑና በባሌስትራ (በተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) የሚሄዱ ነበሩ። የኒቫ ቦዲ ግን ራሱ ሻንሲዋ ነው፤ አራቱም ጎማዎች ሱስታ (ጥቅልል ብረት) ላይ ናቸው። የድሮውን የአንኮበር ኮረኮንች በእሷ የተመላለሱ ሰዎች ስለ ወገባቸው ሲያማርሩ የማይሰሙት ለዚህ ነው።

«አራቱ ጎማ የሚሠራው ዘንጉ ሲገባ ነው»

ይሄኛው ብዙ ጉዳት አድርሷል። የኒቫ ሞተር ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ነው የሚያዞረው፤ የሚገባም የሚወጣም ነገር የለም። ሦስት ዘንጎች አሏት። አንዱ የተለመደው ማርሽ ነው። ሁለተኛው ከባዱንና ቀላሉን ጉዞ ይመርጣል። ሦስተኛው መሀል ላይ ያለውን፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን ዲፈረንሻል ይቆልፋል።

ካልተቆለፈ አንድ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሾር ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ጎማ ይሄዳል። በክረምት የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ተይዘው «ይቺ አራት ጎማ የላትም» ብለው የተሳደቡ ሰዎች ችግራቸው እሱ ነበር። ሲቆለፍ የፊቱና የኋላው እኩል ይዞራሉ። ታዲያ መቆለፍ ያለበት ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት እንጂ ጎማው ከተቀበረ በኋላ አይደለም።

የተገላቢጦሹም አለ። «መሬት ትይዛለች» ብለው አስፋልት ላይ ቆልፈው የሚነዱ ነበሩ። ደረቅ መንገድ ላይ ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ከተቆለፈ ግን እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ጎማ ይበላል፣ መሪ ይከብዳል፣ የማርሽ ጥርሶቹ ይጨነቃሉ። ቁልፉ አልላቀቅ ካለ ትንሽ ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በጉልበት መጎተት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ዘንግ መሀል ላይ ሲቆም ደግሞ ፎሌ ነው፤ ጉልበት ወደ ጎማ አያልፍም። ሞተር ይሠራል፣ ማርሽ ይገባል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ከመሐል ሜዳ ከተማ እህል ጭኖ የመጣ ዘመዳችን ፍሪሲዮን አለቀ ብሎ ሞተር ሊያስወርድ ነበር። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፤ ጆንያው ዘንጉን ገፍቶት ነው» አለው። ነገሩ በዚህ አለቀ። ግን ቀልድ አይደለም። ዘንጉ ፎሌ ላይ እያለ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አስገብታችሁ ብታቆሙ ማርሹ አይይዛትም። የእጅ ፍሬን የግድ ነው።

«ጣርማበር ላይ የምትደክመው ሞተሯ ስላለቀ ነው»

ብዙ ሞተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተፈትቷል። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ዋሻው ያለበት ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሞተር ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የተናገረላት ጉልበት ዋሻው አፍ ስትደርስ ሲሶው የለም ማለት ይቻላል። ይህ ለአዲሷም ለአሮጌዋም አይቀርም።

«ብርዱ ነው» የሚሉም አሉ። ብርድ ጠዋት ማስነሳቱን ያስቸግራል እንጂ ዳገት ላይ ጉልበት አይወስድም። ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሳል። ጭሱ የሚጠቁረውና ካንዴላው (እሳት የሚጭረው) ጥላሸት የሚለብሰው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው በአነስተኛ ጂግለር (ቤንዚን በሚያልፍባት ቀዳዳ) ማስተካከል ይችላል። ቆላ ወርዶ የሚቆይ ከሆነ ግን ወደ ነበረበት ይመልሰው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቆላ ላይ ይግላል።

«ቴርሞስታት የፈረንጅ አገር ነገር ነው፣ አውጣው»

ከደብረ ሲና ሽቅብ ሲወጣ ውሃ ያፈላ ሁሉ ይህን ምክር ሰምቷል። ለኒቫ የሚሰጥ ከዚህ የከፋ ምክር የለም። ቴርሞስታቷ ሦስት ቱቦ የሚገናኝበት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ሁሉ በራዲያተር (በማቀዝቀዣው) እንዲያልፍ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ የሚዘጋው እሱ ነው። የውስጡን ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ያፈላል። ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ስሙ የሚጠፋው የመኪናዋ ነው። የራዲያተር ክዳኑንም ልብ በሉ። 3,000 ሜትር ላይ ያልታፈነ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ታፈላለች።

«ካምቢዮዋ ይንቀጠቀጣል»

በ80 እና በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል የሚመጣው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) አይደለም። ከካምቢዮ ወደ ትራንስፈር፣ ጉልበቱን ለአራቱ ጎማ ወደሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የሚሄድ አጭር ተሽከርካሪ ዘንግ አለ። ትራንስፈሩ ለብቻው ቦዲው ላይ ነው የታሰረው፤ ትንሽ ከመስመር ከወጣ ያ ዘንግ ይመታል። አባታችን ዘንድ ይመጡ የነበሩት መካኒክ ሲሠሩት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አራቱንም ጎማ ከመሬት አነሱ፣ የትራንስፈሩን ማሰሪያዎች አላሉ፣ ሞተሩን አስነስተው በማርሽ አዞሩት። ሳጥኑ ራሱ ትንሽ ትንሽ እያለ ቦታውን ያዘ። ድምፁ ሲለሰልስ ሳያንቀሳቅሱ አጠበቁት። ምንም ዕቃ አልተገዛም። ካምቢዮ ያስቀየሩ ሰዎች መንቀጥቀጡ እንዳልለቀቃቸው ሲያወሩ ስሰማ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

«ትንሽ ስለሆነች ቤንዚን ትቆጥባለች»

አትቆጥብም። አራት ጎማ ሁልጊዜ ታዞራለች። ለ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር በላይ ትጠጣለች፣ ዳገት ሲበዛ የበለጠ።

«አትበላሽም» የሚሉ አፍቃሪዎቿም ልክ አይደሉም። ትበላሻለች። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ የኤሌክትሪክ ገመዷ ያስቸግራል። ዋናው ነገር ብልሽቷ መንገድ ዳር የሚታይና በእጅ የሚደረስበት መሆኑ ነው። ቤንዚን ካልመጣ ፓምፑ ላይ በእጅ የሚነካ ዘንግ አለ፣ ገፋ ገፋ አድርጎ ማየት ነው። ታክሲ ላዳ ባለበት ከተማ ሁሉ ካንዴላውም፣ ፓምፑም፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳኑም ይገኝ ነበር። ከታክሲ ላዳ የማይገኘው ጎማ ነው። የላዳው ባለ 13 ኢንችና 4 ብሎን ነው፣ የኒቫዋ ባለ 16 ኢንችና 5 ብሎን። ስለዚህ ኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩ ላይ የተኛውን ትርፍ ጎማ ሳትነፉ ከደብረ ብርሃን አትውጡ፤ መንዝ ውስጥ ቢተነፍስባችሁ ሌላ ኒቫ እስኪያልፍ የሚያበድራችሁ የለም።