በጋራ በረት የሚኖሩ እናት አሳማዎች ጠብና ደኅንነታቸው

ርጉዝ እናት አሳማን መዞር እንኳ በማትችልበት ጠባብ የብረት ጋጥ ውስጥ ብቻዋን ማቆየት በዘመናዊው የአሳማ እርባታ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር። ብሪታንያ ይህን አሠራር በ1999 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ፣ ከተዳቀሉ አራት ሳምንት የሞላቸው አሳማዎች ሊወልዱ አንድ ሳምንት እስኪቀራቸው በጋራ በረት እንዲኖሩ፣ ለእያንዳንዷ እናት አሳማም በመደበኛው ስሌት 2.25 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ደንግጓል። ሕጉ እንስሳዋን ከጋጥ አወጣት እንጂ ከማን ጋር እንደምትኖር አልወሰነላትም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የዱር አሳማ እንስቶች በዝምድና ተሳስረው በትናንሽ መንጋ ስለሚኖሩ የትኛዋ ለየትኛዋ እንደምትለቅ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በእርባታ ጣቢያ ግን ግልገሎች ከጡት በተለዩ ቁጥር እናቶቹ እንደ አዲስ ስለሚመደቡ የማይተዋወቁ እንስሳት አንድ በረት ውስጥ ይገናኛሉ። ወዲያውም ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ ጆሮና አንገት ይናከሳሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የበላይና የበታቹ ሲለይ ከባዱ ጠብ ይበርዳል። በፊተኛው የሰውነት ክፍል የሚበዛ ቁስል እንስሳዋ እንደተፋለመች፣ በኋለኛው የሚበዛ ደግሞ ስትሸሽ እንደተነከሰች ስለሚያመለክት ተመራማሪዎች ጠቡን ባያዩትም ከቆዳዋ ይረዱታል።

ቁስሉ ይድናል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው በሚያዳልጥ የሲሚንቶ ወለል ላይ በሚደረግ ግብግብ የሚመጣው የእግር ጉዳትና ጽንስ በማህፀን በሚጣበቅበት ወቅት የሚደርሰው ጭንቀት ነው። ሕጉ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ነፃ የተወውም ከዚህ ስጋት ጋር ተያይዞ ነው።

የምግብ ሽሚያ ግን በሁለት ቀን አይበርድም። ርጉዝ አሳማ ከልክ በላይ እንዳትወፍር መኖዋ ስለሚመጠን ረኀቡ አይለያትም። መኖ ወለል ላይ ሲበተን ጉልበተኞቹ ይጠግባሉ፣ ደካሞቹ ይከሳሉ። የጆሮ መለያዋን አንብቦ አንዷን ብቻ የሚያስገባው ኤሌክትሮኒክ መመገቢያ ይህን ቢያቃልልም፣ በሩ ላይ ወረፋ የምትጠብቀው ከፊቷ ያለችውን ብልቷ ላይ የምትነክስበት ጊዜ አለ። ለእያንዳንዷ የመመገቢያ ጋጥ ማዘጋጀት፣ አሰር የበዛበት መኖና ጭድ በብዛት ማቅረብ፣ ተሸናፊዋ የምትሸሸግበት ግርዶሽ ማቆም ጠቡን ይቀንሱታል፤ ሁሉም ግን ቦታና ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ጅራት መናከስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጠብ ጋር ይምታታል፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጠበኝነት ሳይሆን የሚቆፍሩትና የሚያኝኩት ነገር ከማጣት ነው። ለጠቡ ወጪ የማይበዛበት መፍትሔ የሚገኘው ከግልገሎቹ ዘንድ ነው፦ ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ ግልገሎች ከጡት ሳይለዩ ከተቀላቀሉ፣ በኋላ ከእንግዳ ጋር ሲገናኙ ጠባቸው አጭር ይሆናል።