የማትረባ ፍየል ዘጠኝ ትወልዳለች

ባለፈው እሑድ አራስ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። አራተኛ ልጇ ነው። ገንፎው ቀርቦ ጨዋታው ሲደምቅ አንዱ እንግዳ «የማትረባ ፍየል ዘጠኝ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ያልቃሉ፣ እሷም ትሞታለች» ብሎ ሳቀ። አራሷ አንገቷን ደፋች። በጣም ነው የከፋኝ።

ፍየል ጠብቄ ነው ያደግሁት። የፍየል ጡት ሁለት ነው። መንታ ብትወልድ እሰየው ነው። ሦስት የወለደች ቀን ግን የአያቴ ፊት ይጠቁር ነበር። ሁለቱ ጉልበተኛ ግልገሎች ግቱን ይዘው ሦስተኛው ዳር ቆሞ ይጮኻል። እንገር ሳይቀምስ ከዋለማ አለቀለት። አያቴ እናቲቱን በጉልበታቸው መሀል አጥብቀው ይይዟታል፤ እኔ ያን ደካማ ግልገል አስጠጋለሁ። ማታ ለእሷ ብቻ አተላ በጨው ይቀርብላታል። ያም ሆኖ ጎድኗ ይቆጠራል። በጋው ሲጠና መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ናት።

«የማትረባ» ሲባል ሁሉም «የማትጠቅም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የ«እርባታ» ዘመድ ነው እላለሁ። መርባት መብዛት ነው። ዘጠኝ ወልዳም መንጋው ካልበዛ አልረባችም። ዘጠኝ የተባለውም እንዲያው አይመስለኝም። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉ አንዱን ግባ በሉት» እንል የለ? ዘጠኝ የሞት ቁጥር ነው።

እረኛ በዓይኑ ያየውን ብሪታኒያዊው ባዮሎጂስት ቶማስ ከርክዉድ በ1977 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል። የሰውነት ስንቅ ልክ አለው። ለመውለድ የወጣው ገላን ለመጠገን አይተርፍም፤ እርጅናም ከዚያ ይመጣል። የፓስፊክ ሳልሞን ዓሣ ከባሕር ወንዝ ሽቅብ ወጥታ፣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ እዚያው ትሞታለች። ኦክቶፐስ እንቁላሏን ስትጠብቅ መብላት ትተዋለች፤ ሲፈለፈሉ ሕይወቷ ያልፋል። የእኛው እንሰትም አንዴ አብቦ ይደርቃል።

ይህን ደንብ የምታፈርስ ደግሞ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ አለች። ፀጉር አልባዋ ፍልፈል ናት፤ አይጥ ታክላለች። በመንጋ ትኖራለች፤ ከመንጋው የምትወልደው አንዷ «ንግሥት» ብቻ ናት። ንግሥቲቱ በአንድ ወሊድ ከ10 በላይ ትወልዳለች። አይጥ በሦስት ዓመቷ ስታረጅ ይህችኛዋ ከ30 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ምስጢሩ ለእኔ እዚህ ላይ ነው፦ ምግቧን የሚፈልጉት፣ ልጆቿን የሚያቅፉት ሌሎቹ ናቸው። አያቴን የመሰለ ሰው ዙሪያዋን አለላት።

ተረቱ አቅሙን ሳይለካ ሥራ ለሚያበዛ ሰው ነው። በአንድ ሱቅ ገንዘብ ሦስት ቅርንጫፍ ለሚከፍት ተርቱበት። አራስ ቤት ግን አታስገቡት። እዚያ የሚባለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ከዚያ ሕፃኑን ተቀበሏትና ትንሽ ትተኛ።