ራመን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ከቲኬቱ እስከ ሾርባው

ጃፓን ውስጥ ራመን ቤት ሲገቡ አስተናጋጅ ሜኑ ይዞ እስኪመጣ አይጠብቁ። ብዙዎቹ ቤቶች በሩ አጠገብ ማሽን አቁመዋል። የሚበሉትን የሚመርጡትም ሒሳቡን የሚከፍሉትም እዚያው ቆመው ነው። እኛ አገር አንዳንድ ኬክ ቤት መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍለን ቲኬት ይዘን እንደምናዘው ማለት ነው፣ ካሸሯ ማሽን ከመሆኗ በቀር። ለጀማሪ የሚከብደው ይኸው ማሽን ነው። እሱን ካለፉ የቀረው ቀላል ነው።

ራመን በሾርባ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ነው። ሥሩ ቻይና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ ዮኮሃማ ባሉ የወደብ ከተሞች የሰፈሩ ቻይናውያን ይሸጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ቶክዮ፣ አሳኩሳ ሰፈር የተከፈተው ራይራይከን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ራመን ቤት እየተባለ ይጠቀሳል። እኛ በጥቅሉ እንዶሚ የምንለው ፈጣን ኑድል የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሞፉኩ አንዶ ለገበያ ባቀረበው የፓኬት ራመን ተጀመረ። ከዚያ ተነስቶ ራመን ቤት የሚገባ ሰው ግን ይገረማል። የሚያገኘው ሌላ ምግብ ነው። ኑድሉ የሚቦካው ካንሱይ በሚባል አልካላይን ውሃ ስለሆነ ቢጫ ይላል፣ ሲታኘክም ይለጠጣል።

ሜኑው ላይ አራት ስሞች ይደጋገማሉ። ሾዩ በአኩሪ አተር ሶስ፣ ሺዮ በጨው፣ ሚሶ በተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚጣፈጡ ናቸው። አራተኛው ቶንኮትሱ ነው። እሱ የአሳማ አጥንት ለረጅም ሰዓት እየተንተከተከ እንደ ወተት እስኪነጣ የሚቀቀልበት ሾርባ ነው፤ አገሩም ደቡብ ጃፓን፣ ፉኩኦካ አካባቢ። ሚሶ ራመን ደግሞ የሰሜኑ የሳፖሮ ኩራት ነው፣ ብርድ ላይ ይጥማል። ሜኑው «ቹካ ሶባ» ካለ እሱም ራመን ነው።

አሁን ለእኛ ሰው ዋናው ጉዳይ፦ አሳማ። ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ከላይ የሚደረደረው ቻሹ የተባለው ቁራጭ ሥጋ በአብዛኛው አሳማ ነው። «ሥጋውን አውጡልኝ» ማለት ግን አይበቃም፤ ሾርባውም ከአሳማ አጥንት፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ስብም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ሾዩና ሺዮ የሚሉት ስሞች ማጣፈጫውን እንጂ አጥንቱን አይናገሩም። ስለዚህ ቤቱን አስቀድሞ መምረጥ ይሻላል። «ቶሪ ፓይታን» የሚሉ ቤቶች ሾርባቸው ከዶሮ ነው፤ ሥጋውና ስቡ ግን መጠየቅ አለበት። አሳኩሳ ውስጥ ናሪታያ የተባለው ቤት ሐላል ራመን ይሸጣል። ለጾመኛ ደግሞ ቶክዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቲስ ታንታን አለ። ሥጋም እንቁላልም ወተትም የለበትም፤ በሰሊጥ የወፈረው ራመኑ የጾም ምግብ መሆኑን ያስረሳል።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። መጀመሪያ ገንዘብ ያስገባሉ፣ ከዚያ ቁልፎቹ ይበራሉ። ካርድ የማይቀበሉ ብዙ ስለሆኑ ባለ 1,000 የን ኖት ይያዙ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ጃፓን አዳዲስ ኖቶች ስታወጣ ብዙ አሮጌ ማሽኖች አልቀበል ብለው ነበር፤ አንዱን ከተፋው ሌላ ይሞክሩ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ብቻ ከሆነ አይደናገጡ። በተለምዶ ላይኛው ግራ ጥግ ያለው ቁልፍ የቤቱ ዋና ራመን ነው። ትንንሾቹ ቁልፎች ጭማሪ ናቸው፦ በሶስ የተዘፈዘፈ ቅቅል እንቁላል፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ የባሕር አረም፣ ተጨማሪ ሥጋ። ቲኬቱ ሲወጣ መልሱን አይርሱ፤ የሚጎተት ወይም የሚጫን ነገር አለው። ወረፋ ካለ ሌላው ሰው ቲኬት ቆርጦ ነው የሚሰለፈው ወይስ ተሰልፎ ነው የሚቆርጠው፣ አይተው ይከተሉ። ከቤት ቤት ይለያያል።

ቦታ የሚሰጥዎት ሠራተኛው ነው። በጣቱ ቁጥር ካሳየዎት «ስንት ናችሁ?» ማለቱ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ ባንኮኒ ብቻ ስላላቸው አራት ሆናችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን እንቀመጥ ብሎ ሙግት የለም። ቲኬቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ውሃ ራስዎ ይቀዳሉ። ደግሞ አንድ ሳህን ለሁለት አይወደድም፤ የተቀመጠ ሁሉ የራሱን ያዛል። ጉርሻ ለቤት ይቆይ።

ቶንኮትሱ ቤት ከሆኑ የኑድሉን ጥንካሬ ይጠየቃሉ። «ካታ» ጠንከር ያለ፣ «ያዋ» ለስለስ ያለ ነው። ግራ ከገባዎት «ፉትሱ» ይበሉ፣ መካከለኛ ማለት ነው፣ ማንም አይታዘብዎትም። ከዚያ ዓይንዎን ምድጃው ላይ ይጣሉ። አብሳዩ መጀመሪያ ሳህኑ ሥር ማጣፈጫውን ያደርጋል፣ ትኩስ ሾርባ ይጨምርበታል። ኑድሉን በወንፊት አውጥቶ ወደ ታች ወዝወዝ አድርጎ ውሃውን ያራግፋል፣ እንዳይቋጠርም በቾፕስቲክ አስተካክሎ ያስተኛዋል። ይህ ሁሉ እጅግ ፈጣን ነው።

ሳህኑ ሲመጣ ወሬ ይቁም። ኑድሉ ሾርባ ውስጥ ሲቆይ ይላላል፣ ፎቶ እያነሱ ደቂቃ ባጠፉ ቁጥር የሚጎዱት ራስዎን ነው። ስርርር እያደረጉ መሳብ ነውር አይደለም። እኛ ዘንድ «ድምፅ አታውጣ» ተብሎ ላደገ ሰው መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ግን ትኩሱን ኑድል ያበርዳል፣ መዓዛውንም ያወጣዋል። ነውሩ ቾፕስቲክን ምግቡ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ነው፤ ለሟች የሚቀርብ ሩዝን ያስታውሳቸዋል። ሾርባውን መጨረስ ግዴታ የለም፣ ጨውም ይበዛበታል። ፉኩኦካ ስልት ባለው ቤት ኑድሉ አልቆ ሾርባው ከተረፈ «ካኤዳማ» ይበሉ፤ በትንሽ ዋጋ ተጨማሪ ኑድል ይመጣል። ስለዚህ ሾርባውን ቀድመው አይጠጡት።

ሲጨርሱ ቶሎ ይነሱ፣ ውጭ የቆመ ሰው አለ። ባንኮኒው ላይ ከፍ ያለ መደርደሪያ ካለ ሳህኑን እዚያ ያኑሩ። «ጎቺሶሳማ ዴሽታ» ካሉ ምስጋናው በቂ ነው። ጉርሻ፣ ማለትም ቲፕ፣ አይሰጥም፤ ረሱት ብለው ሊመልሱልዎት ይችላሉ።

ሁሉንም ዓይነት በአንድ ቀን መቅመስ ለሚፈልግ ዮኮሃማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው የሺን ዮኮሃማ ራመን ሙዚየም አለ። ምድር ቤቱ እንደ 1958ቱ የጃፓን ሰፈር ተሠርቷል፣ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ራመን ቤቶችም እዚያ ይሠራሉ። አነስተኛ ሳህን ማዘዝ ስለሚቻል ሁለት ሦስት ቤት ሞክሮ መውጣት አይከብድም።